ጀማሪ ይቅደም

ላስታ ውስጥ፣ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ባለ መንደር፣ አንድ ባዶ ቀፎ ወይራ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ክረምቱን አሳለፈ። ባለቤቱ ከሸምበቆ ሠርቶ፣ በእበትና በጭቃ ለስኖ፣ ውስጡን በጭስ አጥኖ የሰቀለው ነው። መስከረም ጠብቶ አደይ አበባ መስኩን ቢጫ ባለበሰበት ሰሞን፣ ከወንዝ ማዶ ካለ አንድ የጠበበ ቀፎ የንብ መንጋ ተነጥሎ ወጣ። አሳሾቹ ባዶውን ቀፎ አይተው ተመለሱ፤ እየጨፈሩም ቦታውን ለእህቶቻቸው ነገሩ። መንጋው አውራዋን መሐል አድርጎ ተነሣ፤ መጥቶም ገባ።

ገበሬዎች አውራ ይሏታል እንጂ እናት ናት። በቀፎው የሚወለደው ሁሉ የእርሷ ልጅ ነው። ቤት የምትመርጠው፣ የምትሠራው፣ በር የምትጠብቀው ግን ሠራተኛዋ ንብ ናት።

መንጋ ከእናት ቀፎው ሲወጣ ባዶ እጁን አይወጣም። እያንዳንዷ ንብ ሆዷን በማር ሞልታ ትነሣለች፤ በአዲሱ ቤት የመጀመሪያው የማር እንጀራ የሚሠራውም ከዚያ ማር በሚወጣ ሰም ነው። ያን ማር ከአበባ ከቀሰሙት መካከል ብዙዎቹ አዲሱን ቤት አላዩም፤ እዚያው እናት ቀፎው ደጃፍ ወድቀው ቀርተዋል። ይህን አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። መሥራች የሚባለውም ቢሆን ሌላ ያጠራቀመለትን ስንቅ ይዞ ነው የመጣው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ነበሩ። አንዲት ንብ ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ አውጥታ እስክትወጣ 20 ቀን ገደማ ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ በቀፎው የሚሞት እንጂ የሚወለድ የለም። በሥራ ወቅት የአንዲት ሠራተኛ ዕድሜ ከ6 ሳምንት ብዙም አያልፍም፤ ከመጡት ብዙዎቹ ደግሞ የዕድሜያቸውን ግማሽ እናት ቀፎው ውስጥ ጨርሰው የመጡ ናቸው። ጠዋት ወጥታ ማታ ያልተመለሰችው በየቀኑ በዛች። በዚህ ላይ መስከረም የመጨረሻ ዝናቡን ሦስት ቀን ሳያባራ አወረደው። መውጣት የለም፤ የሚገባ ነገር የለም። በእንጀራው ላይ የቀረው ማር ከሁለት ወገን አንዱን ብቻ የሚያደርስ ሆነ፤ ወይ የመጡትን፣ ወይ በየጉድጓዳቸው ተጠቅልለው የተኙትን እጮች።

በሦስተኛው ሌሊት፣ ከጨለማው ውስጥ አንዲት ንብ «ጀማሪ ይቅደም» አለች።

ማን እንደተናገረችው አልታወቀም። የበሉት ግን እጮቹ ናቸው። ታላላቆቹ እንጀራው ላይ ተጠጋግተው፣ ገላቸውን እያንቀጠቀጡ ልጆቹን ሲያሞቁ አደሩ። ሲነጋ በሌሊት የሞቱትን ከወለሉ እየጎተቱ አወጡ። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር የቀሩት ወደ አበባ ሄዱ። ከዚያች ሌሊት በኋላ ቃሉ ደንብ ሆነ።

ከሁሉ ቀድማ የጉድጓዷን ክዳን በጥርሷ ቀዳ የወጣችው ንብ ቀዳሚት ተባለች። እንግዲህ ገና የወጣች ንብ ሽታ የላትም ማለት ይቻላል፤ ሰው ወስዶ ሌላ ቀፎ ቢጨምራት እንኳ በረኛ አትገፋትም። የቤቷን ሽታ የምትይዘው ውላ አድራ፣ ከሰሙ ላይ ስትመላለስ ነው። ቀዳሚትም እንደ ማንኛዋም ንብ ሥራ የጀመረችው የወጣችበትን ጉድጓድ በመጥረግ ነው፤ እናቷ ሌላ እንቁላል እንድትጥልበት። ቀጥላ ታናናሾቿን መገበች፣ ሰም አወጣች፣ በር ጠበቀች፣ በመጨረሻም ለአበባ ወጣች። ጥቅምት ሳያልቅ፣ ወንዙን ተሻግረው ከመጡት ሠራተኞች አንዲትም አልቀረችም።

ያን ጊዜ ቀዳሚትና ሌሎቹ የፊተኛው እንጀራ ልጆች ተሰበሰቡ። «ጀማሪዎቹን በዓይናችን ያየን እኛ ነን፤ አጉርሰው ያሳደጉት እኛን ነው። እንግዲህ ከእነርሱ በኋላ ጀማሪ ማለት እኛ ነን» አሉ። የሚቃወማቸው አልነበረም፤ ከእነርሱ በኋላ የተወለዱት ገና ጉድጓድ ይጠርጋሉ። በዚያች ቀን «ጀማሪ ይቅደም» የሚለው ደንብ አንድም ፊደሉ ሳይነካ ትርጉሙ ተገለበጠ።

ቃሉ ራሱ ተመቻችቶላቸዋል። ጀማሪ ስንል አንድን ነገር መጀመሪያ ያነሣውን፣ መሠረቱን የጣለውን ማለታችን ነው። ጀማሪ ስንል ደግሞ ትናንት የገባውን፣ እጁ ገና ያልፈታውንም ማለታችን ነው። በመምህራን የዕድገት መሰላል ላይ «ጀማሪ መምህር» የታችኛው እርከን ነው። ጠብ ጀማሪ ከሆነ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ይክሳል። ያው ቃል አንዱን ከፍ አድርጎ ያስቀምጣል፣ ሌላውን በር ሥር ያስቆማል፤ ማን የቱን እንደሚያገኝ የሚወስነው ንግግሩ በማን እጅ እንዳለ ነው። የፊተኛው እንጀራ ልጆች ለራሳቸው አንደኛውን ወሰዱ፤ ለታናናሾቻቸው ሁለተኛውን ሰጡ። «የዚህ ቤት ጀማሪዎች እኛ ነን» ይሉና ዞር ብለው «አንቺ ጀማሪ፣ ዝም በይ» ይላሉ።

እድር ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም። መዝገቡ አናት ላይ የመሥራች አባላት ስም አለ። አዲስ ገቢ ከወርኃዊ መዋጮው ሌላ መግቢያ ይከፍላል። መግቢያውን አልቃወምም። ድንኳኑን፣ ድስቱን፣ አግዳሚ ወንበሩን የገዙት ቀድመው ያዋጡት ናቸው፤ አዲሱ አባልም ሐዘን ሲደርስበት ለቀስተኛ የሚቀበለው በዚያው ድንኳን ነው። ድርሻውን መክፈሉ ፍትሕ ነው። የሚያንገበግበኝ፣ ከፍሎ የገባው ሰው ሐሳብ ሊሰጥ እጁን ሲያወጣ «አንተ ደግሞ መቼ ገባህና ነው?» መባሉ ነው። ዕዳው ከተዘጋ በኋላ የገባበት ቀን ስለምን ይቆጠርበታል? ጡሩንባ ነፊው ሌሊት በየሰፈሩ ሲዞር መሥራቹንም ትናንት የገባውንም በአንድ ድምፅ ነው የሚጠራው። አስከሬን የሚሸከመውም፣ ድንኳን የሚተክለውም ብዙ ጊዜ ያ «መቼ ገባህ» የተባለው ጎልማሳ ነው። በመንደርም በአገርም ነባርና መጤ እየተባባልን የምንቆራቆሰው ከዚህ ይለያል ብዬ አላምንም፤ መጠኑ ይሰፋል፣ ጉዳቱ ይከፋል እንጂ።

በቀፎው መጀመሪያ የተበላሸው ጭፈራው ነው። አበባ ያገኘች ንብ ስትመለስ ጨለማው ውስጥ እንጀራው ላይ ወገቧን እያወዛወዘች ትጨፍራለች። የምትሄድበት መስመር አቅጣጫውን ከፀሐይ አንጻር ያሳያል፤ የምትወዛወዝበት ጊዜ ርዝመት ርቀቱን ይናገራል። ይህን ቋንቋ የፈታው ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ነው። በዚህ ሥርዓት የዕድሜ ወረፋ የለም። ጥሩ አበባ ያገኘች አጥብቃ ትጨፍራለች፤ አጠገቧ ያሉት በአንቴናቸው እየዳሰሱ ይከተሏታል፤ ከዚያ ሄደው ያዩታል።

የፊተኛው እንጀራ ልጆች ግን መጨፈሪያውን ያዙት። ከእነርሱ አንዲቷ ሳትጨርስ ሌላ እንዳትነሣ፣ ብትነሣም እንዳይከተሏት አዘዙ። የሚጨፍሩትም የአደዩን መስክ ነው። ልጅነታቸውን ያሳደገ፣ ወለላው የማያልቅ ይመስል የነበረ መስክ ነውና አይፈረድባቸውም። ኅዳር ገብቶ ግን አደዩ ረግፏል። የወጡት ባዶ ሆዳቸውን እየተመለሱ «ዛሬ ነፋስ ነበር» ይላሉ፤ በማግስቱም ያንኑ ይጨፈርላቸዋል።

እንቡጥ የምትባል የኋለኛው እንጀራ ልጅ፣ ከገደሉ ሥር ዘግይቶ የተዘራ የኑግ ማሳ በአበባ ተሸፍኖ አገኘች። እግሮቿ የአበባ ዱቄት እንደተሸከሙ ገብታ ጥግ ይዛ መጨፈር ጀመረች። ሁለት ሦስት እኩዮቿ ተጠጉ። እትዬ ቀዳሚት መጡና መሐላቸው ገቡ።

«ጀማሪ ይቅደም ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ፣ እትዬ። ግን ኑጉ ሳምንትም ላይቆይ ይችላል።»

«ወረፋሽ ሲደርስ ትነግሪናለሽ።»

ወረፋዋ አልደረሰም። ኑጉ እያበበ፣ የቀፎው ንቦች ደረቁን መስክ ሲያስሱ ሰነበቱ።

ቀጥሎ የተበላሸው በሩ ነው። በረኛ ንብ የመጣውን ሁሉ ታሸታለች። የሌላ ቀፎ ንብ ባዶ ሆዷን ስትቅበዘበዝ ካገኘቻት ለዝርፊያ የመጣች ናት ብላ ትገፋታለች። መንገድ ስታ፣ ጭነት ይዛ፣ ዝቅ ብላ የመጣችውን ግን አብዛኛውን ጊዜ ታሳልፋለች። ከጥንት የኖረ ልማድ ነው። ጭነቷን ካወረደች በኋላ ከሰሙ ላይ ትመላለሳለች፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ ከቤቱ ልጆች አትለይም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ነፋስ ያዛነፋት አንዲት ንብ ደጃፉ ላይ ዐረፈች። ሆዷ ተወጥሯል።

«ሽታሽ የኛ አይደለም» አለቻት በረኛዋ።

«አይደለም። የገደሉ ነፋስ ወሰደኝ፣ ቤቴ መድረስ አልችልም። የያዝኩት የኑግ ወለላ ነው። ተቀበሉኝና አብሬ ልሥራ።»

በረኛዋ ልታሳልፋት ጎኗን አዞረች። እትዬ ቀዳሚት ከውስጥ ብቅ አሉ።

«የት ጀመርሽ አንቺ?»

«በሌላ ቀፎ ነው የጀመርኩት፣ እትዬ።»

«እንግዲያው እዚያው ጨርሺ።»

የላስታ የኅዳር ሌሊት ውርጭ አለው፤ ንብ ደግሞ ለብቻዋ ብርድ አትችልም። እንግዳዋ ወይራው ቅጠል ላይ ተቀመጠች። ጠዋት ከዛፉ ሥር ተገኘች፤ ሆዷ ውስጥ የነበረውን ወለላ ጉንዳን ሲቀራመተው የቀፎው ልጆች ከደጃፍ ቆመው አዩ። ማር በጎደለበት ቤት ደጃፍ።

ያን ዕለት እንቡጥ ወረፋ ሳትጠብቅ መጨፈሪያው ላይ ወጣች። እትዬ ቀዳሚትና እኩዮቻቸው ከበቧት። ከመካከላቸው አንዲቷ «አንቺ ማን ነሽና ነው? እኛ ላሊበላ ሲወለድ ከከበቡት ንቦች ዘር ነን። ንግሥናውን ያወቅን እኛ ነን» አለች። የላሊበላን ስም ታሪክ በዚያ አገር የማያውቅ የለም፤ ንቦቹም ያውቁታል።

«እኔስ የማን ዘር ነኝ?» አለች እንቡጥ። «እናታችን አንድ አይደለችም? ደግሞ እነዚያ ንቦች ከበው ያከበሩት እኮ የአንድ ቀን ሕፃን ነው።»

ዝም አሉ። እንቡጥም ወደ እትዬ ቀዳሚት ዞረች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በዝናቡ ሌሊት ማን ነበር የበላው?»

እትዬ ቀዳሚት አልመለሱም። በዝናቡ ሌሊት እርሳቸው እጭ ነበሩ። በልተው ተኝተዋል።

ነገሩ በዚህ አልተፈታም። ጥያቄ ብቻውን ወንበር አያስለቅቅም፤ እትዬ ቀዳሚትም በማግስቱ መጨፈሪያው ላይ ነበሩ። የፈታው ከውጭ የመጣ ነው። ኅዳር ሲጋመስ ገበሬው ማታ ጭስ ይዞ መጣ። ንቦቹ ከጭሱ ሸሽተው ወደ ቀፎው ጥግ ተጨናነቁ። በቢላ እየቆረጠ እንጀራውን አወጣ። የፊተኛው እንጀራ ልጆቹ አድገው ከወጡለት ወዲህ የማር ጎተራ ሆኖ ነበርና መጀመሪያ የሄደው እርሱ ነው። ማሩ ለጠጅ፣ ሰሙ ለጧፍ። አውራዋ፣ ጥቂት እጮች ያሉበት አንድ ቁራጭ እንጀራና ንቦቹ ቀሩ።

ሲነጋ እትዬ ቀዳሚትና እኩዮቻቸው የፊተኛው እንጀራ የነበረበትን ጣሪያ እየዞሩ ዳሰሱት። የጀመሩበት ጉድጓድ የለም። ይለዩበት የነበረው ሽታም ከሰሙ ጋር ሄዷል። ወደ ሥራ ሊገቡ ቢሉ ሌላ ነገር ገጠማቸው። ሰም የሚወጣው ከሆድ ሥር ካሉ ዕጢዎች ነው፤ እነዚያ ዕጢዎች የሚበረቱት ንቧ ከተወለደች በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው። የእነርሱ ሆድ ደርቋል። ሰም ያላቸው ከእንቡጥም የሚያንሱት፣ ትናንት «ጀማሪ ዝም በይ» የተባሉት ናቸው። እነርሱ እግር ለእግር ተያይዘው ከጣሪያው እንደ ሰንሰለት ወረዱ። ከሆዳቸው ሥር የምትወጣውን ቅርፊት መሳይ ሰም በእግራቸው እየሳቡ ወደ አፋቸው አደረጉ፤ እያኘኩ አለሰለሱ፤ ለጠፉ። አንዷ ስትደክም ሌላዋ ትተካለች። የመጀመሪያውን ጉድጓድ ግድግዳ የትኛዋ እንዳቆመችው መለየት አይቻልም ነበር።

አንዳንዶቹ ወጣቶች «ያ ደንብ ይሰረዝ» አሉ። እንቡጥ አልተስማማችም። «ያን ሌሊት እንደተደረገው ይደረግበት» አለች። የተረፈውን ጠብታ ማር ቁራጩ እንጀራ ላይ ላሉት እጮች ሰጡ።

ሰም ለማውጣት ግን ብዙ ማር መብላት ያስፈልጋል። ሠሪዎቹ ከሰዓት በኋላ መዛል ጀመሩ። ያን ጊዜ እትዬ ቀዳሚት ወደ እንቡጥ ቀረቡ። የክንፋቸው ጠርዝ በአበባና በእሾህ መካከል ሲመላለሱ ተቆራርጧል፤ አርጅተዋል።

«ልጄ፣ ያ የኑግ ማሳ የት ነበር ያልሽኝ?»

«የተረፈ አበባ ካለ ነው፣ እትዬ።»

«አሳዪኝ።»

እንቡጥ ጨፈረች። እትዬ ቀዳሚት አንቴናቸውን ዘርግተው ከኋላዋ ተከተሉ፤ ስትዞር ዞሩ፣ ስትወዛወዝ ቆጠሩ። ከዚያ ወጡ።

ኑጉ አብዛኛው ረግፎ ጫፍ ጫፉ ላይ ጥቂት አበባ ቀርቶት ነበር። ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሉ ውለው ሆዳቸውን ሞሉ። ለመመለስ ሲነሡ የገደሉ ነፋስ መጣ። በተቆራረጠ ክንፍ አልቻሉትም፤ ቁልቁል ወሰዳቸው። ፀሐይ ስትገባ ከማያውቁት ቀፎ ደጃፍ ዐረፉ።

በረኛዋ ልጅ እግር ናት። ቀረብ ብላ አሸተተቻቸው።

«ከኛ አይደሉም።»

«አይደለሁም፣ ልጄ። ነፋስ ነው ያመጣኝ።»

«ጭነት ይዘዋል?»

«የኑግ ወለላ ነው።»

«የኛም ሰዎች ከዚያ ነበር የሚቀስሙት» አለች በረኛዋ፣ ጎኗን እያዞረች። «ከሳምንት በፊት አንዲት እህታችን ከዚያ ስትመለስ ነፋስ ወሰዳት። ወደ ላይኛው መንደር ነው የሄደችው ብለውናል። በመንገድዎ አላገኟትም?»

እትዬ ቀዳሚት ደጃፉ ላይ ቆሙ። ብርዱ ከኋላቸው እየመጣ ነው።

«አግኝቻታለሁ» አሉ። «በራችን ድረስ መጥታ ነበር። የመለስኳት እኔ ነኝ። ሌሊቱን ውጭ አድራ ሞተች።»

በረኛዋ ለረጅም ጊዜ አንቴናዋን ሳታነሣ አየቻቸው። ከውስጥ ሌሎች ሁለት መጥተው ከጎኗ ቆሙ፤ የተባለውን ሰምተዋል። አንደኛዋ ልትገፋቸው ወደ ፊት ስትል በረኛዋ በእግሯ ያዘቻት።

«መሽቷል፣ ይግቡ» አለች። «ጭነትዎን ያውርዱ። ነገ ጠዋት ግን ይህን ለሁላችንም መንገር አለብዎ።»

«እነግራለሁ» አሉ እትዬ ቀዳሚት፤ ገቡም።